የእኔ ይቅርታ በሰው አፍ

ስለ ይቅርታ ሊያነጋግሩን የመጡት ሰዎች እኔን አላነጋገሩኝም። ሦስት ነበሩ፤ ወጣቱ ሰባኪ፣ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ የማታወርድ አንዲት ሴትዮ፣ እና ሲቀመጥ ወንበሬን ያስጮኸው ወፍራም ሰውዬ። ገቡ፣ እጄን ጨበጡ፣ ጤናዬን ጠየቁ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጄ አዙረው ስለ እኔ ከእሷ ጋር ማውራት ጀመሩ። እኔ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የሰው ፍራሽ እየሰፋሁ ነው። መርፌው በእጄ፣ ጆሮዬም በቦታው። ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልጄን፣ «እናትሽ ነገሩ ይገባቸዋል? እንዳይደነግጡብን» አለቻት።

«ይገባኛል» አልኩ። «ያልገባኝ የምታንሾካሹኪው ነገር ነው።»

ልጄ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሰባኪው ሳቀ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥርሱም ያምራል። ይቅርታ እናታችን አለኝና ተመልሶ ወደ እሷው ዞረ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ገብቷል ማለት ነው። ሰው ያልተማረ ሲያይ ጆሮም የሌለው ይመስለዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የስንቱን ገመና የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊቴ ቆመው ያወሩታል።

የመጡበት ጉዳይ ይህ ነው። አገር ለሁለት ተከፍላ እርስ በርሷ ከተባላች በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ ተስማምተው ትልቅ የይቅርታ ጉባኤ ሊያደርጉ ነው። የበደለ ተንበርክኮ የተበደለውን እግር ያጥባል። የተበደለ ይቅር ይላል። ከዚያ አንድ ሕዝብ እንሆናለን። እናቶች እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ከየቤቱ ደግሞ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ከእኛ ቤት ልጄን መረጡ። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ከሰው ጋር መነጋገር ለምዳለች፣ ቃላት አይጠፋትም፣ ሰው ፊት አታለቅስም።

«እኔ እግሬን ላመጣ፣ እሷ አፏን ልታመጣ ነው?» አልኩ።

«ሥራ መከፋፈል ነው፣ እማማ» አለ ወፍራሙ ሰውዬ። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ትንሽ ሳቅኩ፤ ከሦስቱ ውስጥ እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው።

የሞተው ግን ከእኔ ማህፀን ነው የወጣው።

የመጨረሻ ልጄ ነበር። ኤሌክትሪክ ይዘረጋ ነበር። ከፍታ ስለማይፈራ፣ ጣሪያ ላይ እንደ ሜዳ ስለሚሄድ ሠፈሩ ድመት ነበር የሚለው። የመብራት ገመድ የተቋረጠበት ሁሉ ድመትን ጥሩልን ይል ነበር፤ ሲከፍሉትም ሳይከፍሉትም ይሄዳል። ከግድግዳችን ወዲያ የሚኖረው አናጺ አብሮት ነው ያደገው። እናቱ ወፍጮ ቤት ስትውል እሱ እኔ ጋ ይውላል። ካስነጠሰው አፍንጫውን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ካጠፋም የምገርፈው እኔ ነኝ፤ እናቱም አበጀሽ ትለኝ ነበር። ማታ ሁለቱንም አንድ ፍራሽ ላይ አስተኛቸዋለሁ። ፍራሹን ስሠራ መሃሉን ለብቻ ሰፍቼ ለሁለት ከፍዬው ነበር፣ አንዱ ሌላው ላይ እንዳይንከባለል። ምን ዋጋ አለው፤ ጠዋት ሳያቸው ሁልጊዜ በአንዱ በኩል ተጠቅልለው ነው የማገኛቸው።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የወንዝ ማዶ ሰው፣ የወንዝ ወዲህ ሰው የሚባል ነገር መጣ። አናጺው በአባቱ የማዶ ሆነ፣ እኛ የወዲህ ሆንን። እስከዚያ ድረስ በእኛ ግቢ ይህን የቆጠረ ሰው አልነበረም። ትናንት ሳሙና ስትበደረኝ የነበረች ጎረቤት በሯን ስትዘጋብኝ አየሁ። እኔም ዘጋሁባት።

ልጄን የወሰዱት ሰዎች የመጡት ረፋድ ላይ ነው። እኔ ጓሮ ጥጥ አስጥቼ በዱላ እየደበደብኩ ነበር፤ ሰማይ ይገልበጥ ሰው ፍራሽ ይፈልጋል። ልጄ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ለማንም አልከፍትም ብሎ ምሎልኛል። በሩ ሲንኳኳ ዱላዬን አቆምኩ። «ድመት፣ እኔ ነኝ። ክፈት፣ ብቻዬን ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአናጺው ድምፅ ነው። ልጄ ከፈተ። ማን ቢሆን ይከፍታል። እኔ ቤቱን ዞሬ እስክደርስ የጭነት መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄዷል። አናጺው ደፉ ላይ ቆሞ እጁን ያያል። የገዛ እጁን። ምን እንደሚያይበት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ልጄ አልተመለሰም። መሞቱን ከወሰዱበት እስር ቤት በሕይወት የወጡ ነገሩን። የት እንዳለ ግን የነገረን የለም። አናጺው ተይዞ ታሰረ፣ ከዚያ ምሕረት ታወጀና ከሌሎቹ ጋር ተፈታ፣ እዚያው ቤቱ ተመልሶ ገባ። ግድግዳችን አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት መላጊያው እንጨቱ ላይ ሲሄድ እሰማለሁ፤ እሱም ዱላዬ ጥጡ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ሰላምታ የለንም። በር ላይ ከተገጣጠምን ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። እኔም አላነሳለትም።

ሠፈሩ ወስፌ ይለኛል። ከሥራዬም ከአፌም ነው ስሙ የወጣው፤ አይከፋኝም። ቂመኛ ሲሉኝ ግን ይከፋኛል። ክርስቲያን ነኝ። ታዝዣለሁ፣ ይቅር በሉ ተብያለሁ፣ ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ጋ ስደርስ ቃሉ አይወጣኝም። ሰውን ብዋሽ እዋሻለሁ፤ ጌታን በጠዋቱ ልዋሸው? እዚያ ላይ አቆምና አሜን ሳልል እነሳለሁ። አሜን ያልተባለበት ጸሎት የት እንደሚሄድ እንጃ።

ሰባኪው ሌላ ቀን ብቻውን ሲመጣ ይህን ነገርኩት። ከልቡ አዘነልኝ። ከዚያ ደግሞ ሊያስተምረኝ ተነሳ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አለኝ፤ ተረቱን እሱ ሳይወለድ የሰማሁት አይመስለውም።

«ሳሉ የእኔ ነው እሺ» አልኩት። «ስርቆቱስ የማነው?»

ይቅርታ ለበዳዩ ብለው የሚሰጡት ነገር እንዳልሆነ፣ ለራስ እንደሆነ፣ እሱ ባይጠይቀኝም እንኳ እኔ ሸክሜን ማውረድ እንደምችል አስረዳኝ። ቆንጆ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር። ሸክሙን ላውርደው፣ ግን የት እንደማወርደው አሳየኝ አልኩት። ሬሳ የተሸከመ ሰው ደከመኝ ብሎ መንገድ ዳር አያወርድም። ሥራዬንም አነሳሁለት። ሰው ዝናብ የገባበትን ፍራሽ ያመጣና ላዩን ብቻ ቀይሪልኝ ይለኛል። ውስጡ ጥጡ ተያይዞ ድንጋይ ሆኗል፣ ይሸታል። እኔ አልቀይርም፤ ወይ አውጥቼ ዘርዝሬ ፀሐይ ላይ ላስጣው፣ ወይ ይዞልኝ ይሂድ።

«እናታችን፣ ይህቺን ምሳሌ ለስብከት እወስዳታለሁ» አለኝ።

ውሰዳት አልኩት። ከዚያ የምፈልገውን አንድ ነገር ነገርኩት። አናጺውን መልሳችሁ እሰሩልኝ አላልኩም። ካሳ አልፈልግም። ልጄ የት እንዳለ በገዛ አፉ ይንገረኝ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያቺን ጸሎት እስከ መጨረሻዋ እላታለሁ፣ ይቅርታውም ያኔ ይመጣል። ሰባኪው እጄን በሁለት እጁ ያዘ። በጉባኤው ቀን እግሬን የሚያጥበው አናጺው ራሱ እንደሚሆን፣ ያኔ ፊት ለፊት እንድጠይቀው፣ እሱም እንደሚነግረኝ ቃል ገባልኝ። እኔም እመጣለሁ አልኩ።

ጉባኤው የዋለ ቀን እግሬን ቀደም ብዬ በሳሙና ፈትጌ ታጠብኩ። የሴትዮዋ እግር ይሸታል ብሎ ጠላቴ እንዳያማኝ ነው።

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የፕላስቲክ ወንበር በረድፍ ደርድረዋል፣ ከየወንበሩ ፊት ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አስቀምጠዋል። የተበደልን ተቀመጥን። የበደሉ በጎን በር ገቡ፤ አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ካሜራውን ይፈልጋሉ። ሰባኪው መድረክ ላይ ወጥቶ ሰበከ። የእኔን ፍራሽ አመጣው። ወገኖቼ፣ አለ፣ አንዲት ፍራሽ ሠሪ እናት አሮጌውን ፍራሽ በአዲስ ጨርቅ ስታለብሰው አዲስ እንደሚሆን፣ እኛም ዛሬ አዲሱን ልብስ እንልበስ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ጎኔ ወዳለችው ሴትዮ ዞሬ እንደሱ አላልኩም አልኳት። እሷም ማጨብጨቧን ሳታቆም፣ «ምን አሉኝ?» አለችኝ።

ከዚያ የሚያጥቡት እየመጡ መንበርከክ ጀመሩ። እኔ ፊት የተንበረከከው አናጺው አይደለም። አንገቱ የወፈረ፣ ጎልማሳ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። ቀና ብዬ ስፈልግ አናጺውን ከረድፉ ሌላኛው ጫፍ አየሁት፤ የሠፈራችንን ልብስ ሰፊ ሚስት እግር ይዟል። ያቺን ሴትዮ በክፉ ዓይን እንኳ አይቷት አያውቅም። ሰባኪው ከኋላዬ መጥቶ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። አናጺው ፊቴን ማየት አቅቶት ሲያለቅስ አድሯል አለኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ቀጥ እንዳይል ፈሩልኝ። ስለዚህ አዝነውልን ቦታ አቀያየሩን። ዋናው መንፈሱ ነው፣ ማዶ ወዲህን ያጥባል፣ ወዲህ ማዶን ይቅር ይላል፣ ማን ማንን የሚለው አይደለም አለኝ።

ሰው ልብስ እንኳ ሲያጥብ የማንን እንደሚያጥብ ያውቃል።

ተነስቼ እንዳልሄድ እግሬ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ሰውየውን፣ «አንተ ምን አድርገኸኝ ነው?» አልኩት።

«እርስዎን ምንም» አለኝ። ሹፌር ነበር። ከሩቅ ከተማ ነው የመጣው። በከተማው አንድ ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበረው፤ ከሌሎች ጋር ሆኖ ከእናቱ ቤት አውጥቶ እንደወሰደው ነገረኝ። ማን እንደመታው፣ ሰውየው ምን ብሎ እንደለመናቸው፣ ጉድጓዱን ሹፌሩ ራሱ እንደቆፈረ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ እንደሆነ፣ የሟቹን ራስ ወደየት እንዳዞሩት ነገረኝ። እያጠበኝ ነው ይህን ሁሉ የሚለው።

ለእናትየው ነግረሃታል ወይ አልኩት።

«ሳልነግራት ሞተች። ፍርድ ቤት ገደልክ ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኩ። የት ቀበርከው ያለኝ ሰው የለም። እሷ መጥታ እስክትጠይቀኝ እጠብቅ ነበር። እሷ ደግሞ እኔ እስክመጣ ስትጠብቅ የነበረች ይመስለኛል።»

አዘንኩ። ለእሱ አይደለም፤ ለማላውቃት ሴትዮ ነው። እኔም እንደ እሷ አፌን በኩራት ዘግቼ፣ እሱ ይምጣ፣ እሱ ይጠይቀኝ እያልኩ እየጠበቅሁ ነው። ሞት ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም።

ይቅር ይበሉኝ አለኝ ሹፌሩ። አልችልም አልኩት። የእኔ አይደለህም፤ የሰው በዳይ ልምር ማን ሾመኝ። እሱም አውቃለሁ አለ። የሸክላ ሠሪው እናት ሞታለችና ሌላ የሚሄድበት አላገኘም። ምን ልበለው። «በጣቶቹ መሃል አድርቅ፣ እርጥብ አትተወው» አልኩት። ፎጣውን ይዞ እያንዳንዱን ጣት ለብቻ አደረቀ፤ አራስ ልጅ እንኳ እንደዚያ አይደረቅም። ከዚህ በላይ ልሰጠው የምችለው አልነበረኝም።

ቀና ስል ልጄ መድረክ ላይ ናት። ፀጉሯን ተሠርታለች። ረጋ ብላ፣ አንዲት ቃል ሳትሳሳት፣ ቤተሰባችን ወንድሜን ያጠፉትን ሁሉ ከልቡ ይቅር ብሏል፣ ዛሬ ማዶም ወዲህም የለም፣ ቂማችንን እዚህ ጥለነው እንሄዳለን አለች። እኔ አላልኩም አልኩ ከወንበሬ። ድምፄ ትንሽ አይደለም፤ የሠፈር ውሻ ያባርራል። ግን ዘማሪዎቹ ጀምረዋል፣ ጭብጨባው ጣሪያውን እየነቀነቀው ነው፣ ማን ይስማኝ። ከረድፉ ጫፍ አናጺው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ሲርገፈገፍ ቆየ። ከዚያ እጁን ሲያነሳ አየሁት። ከእስር ቤት በወጣ ቀን እንኳ ፊቱ እንደዚያ አልበራም። አምኗል። ይቅር አሉኝ ብሎ አምኗል። ሊነግረኝ የሚገባውም ነገር በዚያው አብሮ አለቀለት።

ባለ ቦርሳዋ ሴትዮ መጥታ ጉንጬን ሳመችና እንኳን ደስ ያለዎት አለችኝ። በምኑ አልኳት። ሌላዋን ልትስም ሄደች። ሰባኪው በሩ ላይ ሲሸኘኝ ፊቱ ወዝ ወጥቶታል፤ ለካ አምላክ በእናንተ በእናቶች ልብ ነው አገር የሚጠግነው አለኝ። ልቤን ማን ጠየቀው? እኔ ያየሁት እግሬን ሲያጥቡ ነው። ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ልጄም ከኋላ ከኋላዬ ትመጣለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

ቤት ስንገባ ማን ላከሽ አልኳት። የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ግን ከውስጤ ተሰብሮ ነው የወጣው። እሷ እንደ ሌላው ጊዜ አልተለማመጠችኝም። በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ የእኔም ወንድም ነው» አለችኝ። «እሱን በአንድ ቀን ወሰዱት። አንቺን ግን በየቀኑ ነው የሚወስዱብኝ። ልጅ ወልጄ አምጥቼልሽ አንድ ቀን ስቀሽላታል? ጓሮ ሆነሽ ያንን ጥጥ ትደበድቢያለሽ። እኔ እናት እፈልጋለሁ።»

እውነቷን ነው። ቀጠለች፤ አሁን ሄደሽ ብትጠይቂው ይቅርታውን አፈረሰችው ይሉሻል፣ አንቺ ሙትሽን ካነሳሽ ሌላውም ሙቱን ያነሳል፣ ተመልሰን እዚያው ገደል ነን፣ እባክሽ ለልጄ ስትዪ ተዪው አለችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። መድኃኒት መድኃኒት ትሸታለች። እኔ እጄን አንስቼ ላቅፋት ፈልጌ እጄ አልታዘዘኝም። እንጨት ሆነ። የገዛ ልጄን።

ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ሁሉ በጎ ሆነልኝ። ድሮ ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩት ቆመው ጤናዬን ይጠይቃሉ። ፊትዎ ተመለሰ እኮ ይሉኛል። ፊቴ መቼ ሄዶ ነው? ጸሎቴ እንደሆነ እዚያችው ቦታ ላይ እየቆመች ነው፤ እንዲያውም ባሰባት፤ አንዳንድ ጠዋት አባታችን ከማለቴ አፌ ይደርቃል። ድሮ ቢያንስ ልጄ እንዳለፈ የሚያውቅ፣ ዕዳ እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ነበረኝ። አሁን እሱም የለም።

አንድ ጠዋት አናጺው በር ላይ አገኘኝና ዓይኑን አልጣለም። «እማማ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ። በዚያው ድምፅ ነው። ደጄ ላይ ቆሞ ልጄን በጠራበት፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። ግድግዳውን ያዝኩ። እሱ እርጅና ነው ብሎ ሊደግፈኝ እጁን ዘረጋ።

በማግስቱ ደጄ ላይ አጭር በርጩማ ተቀምጦ አገኘሁ። ጥጥ ስደበድብ እንድቀመጥበት ነው። ምስማር የለውም፣ እንጨቱ እንጨት ውስጥ ገብቶ ተገጣጥሞ ነው የተሠራው፤ እግሮቹ እኩል፣ መቀመጫው እንደ ሕፃን ጉንጭ የተላገ። ለሞተ ልጄ ምትክ የሰጠኝ ነገር ይህ ነው ብዬ ቆሜ አየሁት። ከዚያ አንስቼ በጉያዬ ይዤው ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ልጄ በመስኮት አየችኝና እማዬ ብላ ተጣራች። አልዞርኩም።

አናጺው በባዶ እግሩ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቆሞ ረጅም ጣውላ እየላገ ነው። ለትምህርት ቤት ወንበር የሚሆን ነው። በርጩማውን ፊቱ አስቀመጥኩት። ልመልስለት መጥቼ፣ ራሴው ተቀመጥኩበት።

«እማማ፣ አልተመቸዎትም?» አለኝ።

«ተመችቶኛል። ሥራህን ታውቃለህ። ልጄ የት ነው?»

መላጊያው ቆመ።

ይቅር ተባብለናል እኮ አለኝ ቀስ ብሎ። ከማን ጋር አልኩት። አንተ የልብስ ሰፊውን ሚስት አጠብክ፣ እኔን ሹፌር አጠበኝ፣ ልጄ በድምፅ ማጉያ ተናገረች፤ እኔና አንተ መቼ ተገናኘን? የተባባልነው የት ነው? እሱ ጣውላውን ይዳብሳል። እኔ በሩን ብቻ ነው ያስከፈትኩት፣ ካላስከፈትክ እናትህን እንወስዳታለን አሉኝ፣ ሌላ የነካሁት ነገር የለም አለኝ። በሩን እንዳስከፈትክማ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እሱን አልጠየቅሁህም አልኩት።

መላጊያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። በመጨረሻ ሳያየኝ ተናገረ።

«አውቀዋለሁ፣ ቦታውን። በኋላ አሳይተውኛል፣ እንድፈራ። ግን እሱ ብቻውን አይደለም፣ እማማ። ብዙ ናቸው። ከማዶም አሉበት፣ ከወዲህም አሉበት፣ ማን ማንን እንደገደለ ሳይለይ አንድ ላይ ነው ያሉት። የሠፈሩ ሽማግሌዎች አፍህን ያዝ ብለውኛል። አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል፣ ሰላሙ ገና ለጋ ነው አሉኝ።»

ማዶና ወዲህ አንድ ላይ ተኝተዋል አለኝ። እኛ በሳፋና በድምፅ ማጉያ ስንፈልገው የዋልነውን አንድነት እነሱ አፈር ውስጥ ቀድመውን አግኝተውታል። ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቅ አልሆነም።

ሹፌሩ ያለኝን ነገርኩት። ቦታውን ይዞ እናትየውን ሲጠብቅ፣ እናትየው ስትጠብቅ ሞት እንደቀደማቸው ነገርኩት። አሁን እየጠየቅሁህ ነው፣ የሚጠይቀኝ አጣሁ እንዳትል አልኩት።

መላጊያው ከእጁ ወደቀ። ተንበረከከ፤ እዚህ የሚያየው ሰው የለም፣ ሳፋም የለም። «ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ የጠራሁት። ድምፄን አምኖ ነው የወጣው» አለኝ። አለቀሰ። ይህን ቃል ስጠብቀው የኖርኩ ሰው ነኝ። ሲመጣ ደረቴ ይከፈታል፣ የሆነ ነገር ይወርድልኛል ብዬ ነበር። ምንም አልወረደም። ውኃ እንደጠጣ ጥጥ እዚያው ከብዶ ተቀምጧል። አንገቱን ከላይ አየሁት፤ ድሮ ልጅ ሆኖ ሳጥበው የማውቃት ጠባሳ አለች። ልዳብሳት አላሰኘኝም፣ ልመታውም አላሰኘኝም። የጠላትነት ጉልበቱ እንኳ አልቆብኛል።

ቃልህ ደርሶኛል አልኩት። ቃል ግን ቦታ አይሆንም።

ሊል የፈለገውን አውቄያለሁ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ሰላሙ፣ አገሩ ሊል ነው። አላስጨረስኩትም።

«ስማኝ። ፖሊስ አልጠራም። አፌን ታውቀዋለህ፣ ለዚህች ግን እዘጋዋለሁ፤ ለልጄም አልነግራትም። አካፋ አልያዝኩም፣ አጥንት አልቆፍርም፣ የማንንም ሙት አላስነሳም። የማዶም ልጆች አብረው ካሉ ለእነሱም አለቅሳለሁ፣ ሌላ የሚያለቅስላቸው ከሌለ። ይቅር ልልህ እፈልጋለሁ፤ ስለምወድህ አይደለም፣ ታዝዣለሁና ነው፣ ደክሞኛልም። እዚህ ተቀምጬ ግን አይመጣልኝም። ተነስ። ፊትህን ጥረግ። ጫማህን አድርግና ቅደም፣ እኔ ከኋላህ እመጣለሁ። ስደክም ቆመህ ትጠብቀኛለህ። ስንደርስ እጅህን ዘርግተህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ እዚህ ነው ትለኛለህ። ተነስ አልኩህ።»